በነጩ ካቢኔት ላይ የእማዬ እጅ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለረታ፣ ሻርጃ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ አሁን በረድ አለልህ? ያምህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ድሮህ ብስኩት ቆርጥመህ ነው የምትውለው? እኔ፣ ጉዲሳና ልጃችን ኦብሴ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነን። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልህ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እባክህ ረጋ ብለህ ቁጭ በልና አንብበው።

በስልክ ያልነገርኩህ ልደብቅህ ፈልጌ አይደለም። አንተ ስትደውል እማዬ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት፤ እሷ እየሰማች የሚወራ ነገር አይደለም። የጉዲሳ የአክስት ልጅ ቢሩክ እሁድ ወደዚያ ስለሚበር በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

ሲኤምሲ ለምታሠራው ቤት የኔን ዓይነት ነጭ የኪችን ካቢኔት እንዳዝልህ ስትጠይቀኝ ከረምክ። የላክሁልህን ፎቶ አይተህ «ልክ እንደሱ ይሁን» አልከኝ። እኔም በደወልክ ቁጥር አናጺውን አናግረዋለሁ እያልኩ አሳለፍኩህ። አላናገርኩትም። ከዚህ በኋላም አላናግረውም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

እንደምታውቀው የድሮው ካቢኔታችን ቡናማ ነበር። በሮቹ እየወለቁ ሲያስቸግሩን ባለፈው ዓመት ለመቀየር ተነሣን። በዚያው ሰሞን ጓደኛዬ ሣባ አዲስ ቤት ገብታ ልጠይቃት ሄጄ ኪችኗን ሳየው ልቤ እዚያው ቀረ። ነጭ ቀለም የተነፋበት፣ እጀታ የሌለው፣ ጫን ሲያደርጉት የሚከፈት። ጉዲሳ የእንጨት መልክ ያለው ይሻላል፣ እኛ ቤት በየቀኑ ወጥ ይሠራል፣ ነጭ አይችለንም ብሎ ነበር። እኔ ግን አልሰማሁትም። እንዲያውም ግድግዳውም ሴራሚኩም ነጭ ይሁን አልኩ። እማዬን ስጠይቃት አንቺ ከወደድሽው እኔን ምን ቸገረኝ አለች እንጂ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ተገጥሞ ባለቀ ቀን ያቺ ጠባብ የኮንዶሚኒየም ኪችን እጥፍ የሰፋች መሰለችኝ። ያየኸው ፎቶ የዚያን ቀን የተነሣ ነው።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። የጀመረው በእርድ ነው። ቤት የምታግዘን መብራት አልጫ ስትሠራ በጣቷ የነካችው በር ላይ ቢጫ ምልክት ቀረ። በሳሙና ባሸው አልለቅ አለኝ። በበረኪና ስፈትገው ቢጫው ደብዘዝ አለ፤ አብሮት ግን የቀለሙ ወዝ ሄደና አሁን ፀሐይ ሲያርፍበት ቦታው አመድ የመሰለ ነው። ከምድጃው በላይ ያለውን ደግሞ የቁሌቱ እንፋሎትና የዘይቱ ጢስ እየመታው ክረምቱ ሳይወጣ የቅቤ መልክ ያዘ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው በር ውኃ ጠጥቶ አበጠና ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ኦብሴ በርጩማ ስትገፋ ያጋጨችው ጥግ ተፈነቀለ፤ ከሥሩ ያለው ቡናማ እንጨት ብቅ አለ። በድሮው ካቢኔት ላይ ቢሆን ማንም የማያየው ጭረት በነጩ ላይ ከሳሎን ይታያል። ጉዲሳ ኢምፔሪያል አካባቢ ካለ ቀለም ቤት ነጭ ብሎ ገዝቶ ቀባበት። ለካ ነጭም ዓይነት ዓይነት አለው፤ ሲደርቅ ቁስል ላይ እንደተለጠፈ ፕላስተር ጎልቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የኪችኑ ዘበኛ ሆንኩልህ። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ በቀጥታ ገብቼ በሮቹን አንድ በአንድ እመረምራለሁ። ጨርቅ ከእጄ አይለይም። ጉዲሳ ቤቱን ክሊኒክ አደረግሽው እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን የእጅ አሻራው ነው። ጠዋት ጠርጌው የሄድኩት በር ማታ ስገባ መዳፍ ታትሞበት አገኘዋለሁ። ደግሞ ቦታው ግራ የሚያጋባ ነው። ሰው በር ሲከፍት ጠርዙን ነው የሚነካው፤ እነዚህ ግን መሐል በሩ ላይ ናቸው። ከኪችኑ መግቢያ ይጀምሩና ከአንዱ በር ወደ ሌላው እያሉ እስከ ዕቃ ማጠቢያው ድረስ ተሰልፈው ይሄዳሉ። መብራትን ተቆጣኋት። እኔ አይደለሁም ብላ ማለች፤ አላመንኳትም። ኦብሴን ጠርቼ ብጠይቃት አለቀሰች፤ እጇን ምልክቱ ላይ ባስደግፈው ግማሹንም አልሸፈነው። ታዲያ ማን ነው እያልኩ ስጮህ እማዬ ሳሎን ቁጭ ብላ ትሰማኛለች። ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ ዝም ትላለች።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ዕለት ነው። መብራት ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች፤ ጉዲሳም ኦብሴን ይዞ ወላጆቹ ጋ ወጥቷል። ቤት ያለነው እኔና እማዬ ብቻ ነን። ከላይኛው ካቢኔት ስኳር ሳወርድ ስልኬ ጮኸና በሩን ሳልዘጋ ወደ ሳሎን ወጣሁ። አውርቼ ስመለስ እማዬ ቀድማኝ ወደ ኪችን ስትገባ ከኋላዋ አየኋት። እጇን ዘረጋች። መዳፏን መጀመሪያ ያለው በር ላይ አሳረፈች። ከዚያ አንሸራታ ወደሚቀጥለው አሻገረችው። ከዚያ ወደሚቀጥለው። እጇ ይቀድማል፣ እግሯ ይከተላል። ረታ፣ እናታችን በገዛ ቤቷ እየዳበሰች ነው የምትሄደው። እማዬ ብዬ ልጣራ አፌን ስከፍት፣ እኔ ክፍት የተውኩት በር ጠርዝ ግንባሯን መታት።

አልጮኸችም። በሩን ያዝ አድርጋ ቆመች። ደሙ በቅንድቧ ወርዶ ነጩ ቀለም ላይ ሲንጠባጠብ እሷን ያስጨነቃት የበሩ መቆሸሽ ነው። በነጠላዋ ጫፍ ቶሎ ቶሎ መጥረግ ጀመረች። የምትጠርገው ግን ደሙን አልነበረም፤ ከደሙ አጠገብ ያለውን ንጹሑን ቦታ ነበር።

ደግፌ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና በሩ እኮ ፊትሽ ነበር፣ እንዴት አላየሽውም አልኳት።

«ነጭ በነጭ ላይ ሆኖ ከየት ልየው ልጄ» አለችኝ።

ለጉዲሳ ደወልኩለት፤ እየበረረ መጣና ክሊኒክ ወስደናት ግንባሯ ተሰፋ። ቤት ስንመለስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንድም ሳትደብቅ እንድትነግረኝ ለመንኳት። የግራ ዓይኗ ከጎን በኩል መጨለም የጀመረው አባባ ካረፈ በኋላ ነው። ሕመም ስለሌለው እርጅና ነው ብላ ተወችው። ቆይቶ ቀኙም ጀመራት። በድሮው ኪችን በሮቹ ቡናማ፣ ግድግዳው ነጭ ስለነበር በሩ የት ጋ እንደሚያልቅ ትለይ ነበር። አዲሱ ከገባ ወዲህ ሁሉም ነገር እንደ ጉም አንድ ሆነባት። የቱ በር እንደሆነ፣ የቱ ግድግዳ፣ የቱ ክፍት፣ የቱ ዝግ፣ መለየት አቃታት። ስለዚህ በእጇ ማየት ለመደች። እኔ ያን ያህል የደከምኩበትን ኪችን «አላየሁትም» ብላ ልታሳዝነኝ አልፈለገችም። አሻራውን እያነሣሁ ስቆጣ እየሰማሽ ታዲያ እንዴት ዝም አልሽ አልኳት። የመለሰችልኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ያየሁትንማ ሁሉ ጠርጌዋለሁ። አንቺ ያገኘሽው እኔ ያላየሁትን ነው።»

እኔ ቢሮ ስውል እሷ ያረጀ እጇን እየዘረጋች፣ በነጠላዋ እየጠረገች፣ ልጇ እንዳትቆጣ ስትደክም ትውላለች። መብራት ስትመለስ እግሯ ላይ ልወድቅ ነበር፤ ይቅርታ ስጠይቃት እሷም አብራኝ አለቀሰች።

በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እማዬን «እናቴ» እያለች ረጋ ብላ መረመረቻት። ግላኮማ ነው አለችን። የዓይን ውስጥ ግፊት የሚያመጣው በሽታ ነው አሉ፤ ሳያም፣ ሳያቃጥል፣ ከዳር ዳር እየበላ ወደ መሐል ይገባል። የግራው አብዛኛው ሄዷል፣ የሄደው አይመለስም። የቀኙን ግን ጠብታውን ሳታቋርጥ ካደረገች ይዘን ልናቆየው እንችላለን አለችን። አብራን እየበላች፣ ከኦብሴ ጋር እየሳቀች፣ ጊዮርጊስ ደርሳ እየተመለሰች፣ አንድ ዓይኗ ሲጠፋ ማንም አላወቀ። የበርበሬ ነጠብጣብ ከሩቅ የሚታየኝ እኔ እንኳ አላወቅኩም። እማዬ ግን ከሁላችን ይልቅ የተረጋጋች ነበረች። ጠብታው በቀን ስንት ጊዜ ነው ብላ ጠየቀችና ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

ጉዲሳ ጊዜ ሳይሰጥ አናጺውን አመጣው። የታችኞቹን በሮች አውርዶ ነጩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ጥቁር ቡናማ ቀባቸው፤ እያንዳንዱ ላይም እጅ የሚሞላ እጀታ ገጠመ። ቀለም በቀለም ላይ አልይዝ እያለ በጣም አስቸግሮታል፤ ሽታውም ስለከበደን እስኪወጣ በጉዲሳ ወላጆች ቤት ቆየን። የላይኞቹን በሮች ጭራሽ አስነቀልናቸው፤ መደርደሪያ ብቻ ሆነው ቀሩ። አቧራ ይገባል፤ ይግባ። ሳህኖቹንም ጠርዛቸው ሰማያዊ በሆነ ለወጥናቸው። ስንመለስ እማዬ መግቢያው ላይ ቆማ በሮቹን ቃኘች። «አሁን ጠርዙ ታየኝ» አለች። ከዚያ ገብታ ውኃ ቀድታ ጠጣች። እጇን አልዘረጋችም ብዬ አልዋሽህም፤ ዘርግታለች። ግን አካሄዷ ፈራ ተባ የሚል አልነበረም። ግንባሯም አሁን ድኗል፤ ቀጭን ምልክት ብቻ ነው የቀረው።

እንግዲህ ለቤትህ ነጭ አላዝልህም። ብትቆጣም ተቆጣ። እማዬ አንተ ጋ መጥታ መሰንበቷ አይቀርም፤ በሩና ግድግዳው የሚለይ፣ እጀታ ያለው፣ ወጥና ውኃ የሚችል ነገር እንፈልጋለን። ጉዲሳ ናሙና አሰባስቦ ሊልክልህ ነው።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ግን የካቢኔቱ ነገር ብቻ አይደለም። ሐኪሟ ልትሸኘን ስትል በሽታው በዘር ሊሄድ ይችላል፣ ልጆቿ በሙሉ ይመርመሩ አለች። እኔ እዚያው ተመረመርኩ፤ ለጊዜው ደህና ነሽ፣ በየዓመቱ ግን ተመለሺ ተባልኩ። ደስ ብሎኝ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ የመስቀል ዕለት በስልክ ያወራኸኝ ድንገት ትዝ አለኝ። የምትነዳውን ከባድ መኪና ስታቆም የግራው መስታወት ምሰሶ እንደመታ፣ ከዚያ በፊትም በዚያው በኩል አጥር እንደፋቀ፣ አለቃህም ግራህን ረስተህ ነው ወይ የምትነዳው እንዳለህ እየሳቅህ ነገርከኝ። እኔም አብሬህ ሳቅኩ። ረታ፣ እማዬንም በግራዋ ነበር የጀመራት።

ምንም ላይሆን ይችላል። መንገዱ ጠቦህ፣ ደክሞህ ሊሆን ይችላል። ግን እማዬም ምንም አይደለም ብላ ነበር። ስለዚህ ይህን ወረቀት አንብበህ እንደጨረስክ ዓይን ሐኪም ጋ ሂድ። መነጽር ለክተው እንዳይመልሱህ፤ እናቴ ግላኮማ አለባት፣ የዓይኔን ግፊት ለኩልኝ ብለህ በግልጽ ንገራቸው። እንጀራህ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስክትመረመር ድረስ ፈቃድ ጠይቅና ከመሪው ራቅ በልልኝ። በእኔ ሞት ነው የምልህ።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ስለ ዓይኗ እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር፣ መሐላዬን አፈረስኩ። ጉዲሳ አማቼን አክብረሽ ሰላም በይልኝ ብሏል። ኦብሴ ጥርሷ ተነቅሏል፣ ንገሪው ብላኛለች። መብራትም እጅ ትነሣለች። አብረውህ ለሚኖሩት ለተስፋማርያምና ለመኩሪያ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሐኪሙ ያለህን በዚያው ቀን ደውለህ ንገረኝ፤ ያን ሳልሰማ እንቅልፍ የለኝም።

የምትወድህ እህትህ ማኅደር

ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.