አንተ የለሰንከው ግድግዳ

ውድ ወንድሜ፣

ባለፈው ስትደውል «ቤቱ እንዴት ነው?» ብለኸኝ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ያልኩህ እማ አጠገቤ ተቀምጣ ስለነበረ ነው። ቤቱ ደህና አይደለም። አንተ የለሰንከው የእማ ክፍል ግድግዳ አብጧል፤ የእኔም ቆሽት አብሮ አሯል።

ከሦስት ዓመት በፊት የመጣህ ጊዜ መኪናው በከተማው ግንብ በር ስለማያልፍ፣ ስምንት ኩንታል ሲሚንቶ በእነዚያ ሁለት ሰው በማያሳልፉ መንገዶች አሸክመህ ገባህ። የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ሳይሰማ በሁለት ቀን ለስነህ ጨረስክ። ቁርአኑና የአባባ መነጽር የሚቀመጡበትን የግድግዳ መደርደሪያ እንኳ ሳይቀር ደፍነህ «አሁን ገና ቤት መሰለ» አልክ። እማ በየዓመቱ ኖራ ለመቀባት መሰላል ላይ መውጣቷ አሳዝኖህ እንደነበር አልክድህም። ግን ይህ ሁሉ ቤት ይህን ሁሉ ዘመን በድንጋይ፣ በጭቃና በኖራ የቆመው፣ የሠሩት ሰዎች ምንም ሳይገባቸው መሰለህ?

አጎታችን ግንበኛው መጥተው በጣታቸው ቢያንኳኩት ባዶ ድምፅ ሰጠ። ጭቃው የጠጣውን የዝናብ ውሃ በኖራው በኩል ያስወጣው ነበር፤ አሁን ሲሚንቶው አፍኖት ውስጥ ውስጡን እየበሰበሰ ነው አሉኝ። ሲሚንቶው ተነቅሎ በኖራ ካልተለሰነ የሚመጣውን ክረምት አያልፍም። የእማ አልጋ ደግሞ ከሥሩ ነው።

አልጋውን ላንሳው ብላት እምቢ፤ እኔ ጋ ተኚ ብላት እምቢ። አጎታችን መሮና መዶሻቸውን ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ ቆማ፣ ልጄ በእጁ የሠራውን ማንም አይነካውም አለች። እሳቸውም ሻዩን ሳይጨርሱ ተነስተው ሄዱ። ያንተን እጅ ስታሞግስ ስሰማ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ያን ቀን ሲሚንቶውን ያቦካሁልህ እኔ ነኝ፤ አጎታችን ግን ገና በዋዜማው ተዉ ብለውኝ ነበር። አንተ መሰላሉ ላይ ሆነህ ታፏጭ ነበር። ከአባባ ሞት ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ ሲፏጭ የሰማሁት ያኔ ብቻ ስለሆነ ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ ዛሬም እናደዳለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ደውለህ «ይፍረስ» እንድትላት ልለምንህ ነበር። ትናንት ከሰዓት ግን ትዕግሥቴ አለቀና «እማ፣ ይህ ግድግዳ ሊናድብሽ ነው እኮ፣ አይታይሽም?» አልኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ይታየኛል» አለች። «እዚህ ተወልጄ ሲሚንቶ ጭቃ እንደሚበላ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ያበላሸውን ሊያስተካክል ይመጣል ብዬ ነው እንጂ። አጎትሽ ከጠገነው በምን ሰበብ ይመጣል?»

ልብሱን አብሬያት አጣጠፍኩ።

ስለዚህ አትደውል። ገንዘብም አትላክ። ዝናቡ ሳይጀምር ራስህ ና፤ ነቅለህ፣ በኖራ ለስነህ፣ ከዚያ ወደፈለግህበት ሂድ። እስክትመጣ ድረስ እኔም አልጋዬን ከእማ አልጋ ጎን፣ ከግድግዳው ሥር አድርጌዋለሁ።

እህትህ