ልብህን ሳትቆጥር የመታሃት ሩር

ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ተቆጥቻለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠግኜዋለሁ። ታላቋ ልጃችን አምደወርቅ ከተማ ተመድባ እንደ አንተ ፊዚክስ ታስተምራለች። የሰቆጣ ብርድ ጀምሯል፤ ገናም ደርሷል። የገና ዱላህ ከበሩ ኋላ እንዳቆምከው ነው። ማገዶ ላደርገው አውጥቼ መልሼዋለሁ።

ሻይ ቤት በቴሌቪዥን ጎልፍ ስታይ ትዝ ትለኛለህ። እግር ኳስ ሊያዩ የመጡት ወጣቶች «ቲቸር፣ በሬ አይደለን ሣር የምናይ! ቀይሩልን እንጂ!» ሲሉህ ከመቀመጫህ ተነስተህ ታስረዳቸው ነበር። እቤት ስትገባ ደግሞ ዱላውን አንስተህ ለእኔ። ኃይል ከክንድ አይመጣም ትለኝ ነበር። ዱላው መውረድ ሲጀምር እግር መሬትን ይገፋል፤ መሬትም በዚያው ልክ መልሶ ይገፋል። ያ ግፊት ዳሌን ያዞራል፤ ዳሌ ትከሻን፣ ትከሻ ክንድን ያስከትላል። የእጅ አንጓ የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው፤ የዱላው ራስ የሚፈጥነውም ያኔ ነው። እጅ ወደ ውስጥ ካልሳበው ዱላው አምልጦ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለዚያ መሳብ መላ ሰውነት ይሠራል።

መላ ሰውነት አልክ። ልብ ሰውነት አይደለም?

ሐኪሙ ከሩጫና ከጨዋታ ራቅ እንዳለህ የሰማሁት ልቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። የነገረኝ ጓደኛህ ደሳለኝ ነው። ለእሱ ነግረኸው ለእኔ ደበቅከኝ። የገና ዕለት ሸሚዝህን ተኩሼ የሸኘሁህ እኔ ነኝ። ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ ከሜዳው ጫፍ አደረስካት አሉ፤ ሰዉ ሲያጨበጭብ ወደቅህ። ሊያጽናናኝ የመጣ ሁሉ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይለኛል። እኔ ጌታ አይደለሁም፤ ሚስት ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ደሳለኝ መጣ። ለዘንድሮው ጨዋታ ዱላህን ፈለገ። አቀበቱን ሲወጣ ደረቱን ይዞ ሲቆም አይቼዋለሁ።

«የወንድሜ ማስታወሻ ነው፣ እህቴ» አለኝ።

«ሚስትህን ይዘህ ና። እሷ ፊት ጠይቀኝ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ከሄደ በኋላ ዱላውን ይዤ ግቢው መሃል ቆምኩ። ከዱላህ ጋር የተውካትን ሩር በንዴት፣ በክንዴ ብቻ መታኋት፤ እጄን አመመኝ እንጂ ከደጃፉ አልራቀችም። ቀጥሎ እንዳስተማርከኝ እግሬን ተከልኩ፣ ዳሌዬን አስቀደምኩ፣ ክንዴን አዘገየሁ። አጥሩን ዘልላ የጎረቤት ዶሮዎችን በተነች። ልክ ነበርክ። ይኼ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ሁሉንም ኃይል አስልተህ ልብህን ተውከው።

ትናንት ደሳለኝ ሚስቱን ይዞ መጣ። ዓይኗ ቀልቷል፤ የደረቱን ነገር ነግሯታል ማለት ነው። ዱላውን አልጠየቀኝም። «ዘንድሮ ዳር ቆሜ ነው የማይ» አለ። ያኔ ዱላውን አንስቼ ሰጠሁት፤ ለወጣቶቹ እንዲያቀብል። ቁልቁለቱን ጎን ለጎን ሲወርዱ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ይኸው ብቻ ነበር፤ ነግረኸኝ ዳር መቆም አንተም ትችል ነበር።

የገና ዕለት ሜዳው ላይ እገኛለሁ። ዱላህ በወረደ ቁጥር እግርህን፣ ዳሌህን፣ ክንድህን አስባለሁ፤ ያልቆጠርከውን ልብህንም እኔ እቆጥርልሃለሁ። አልረሳህም። ይቅር ያልኩህ ግን እንዳይመስልህ።

ባለቤትህ