በጣቴ የሞከርኩት መርገጫ

ውድ አስረስ፥

በምንኩስና ስምህ መጀመር እንደነበረብኝ አውቃለሁ። «አባ» ብዬ ጽፌም ነበር። ቀጥሎ ያለው ስም ግን ከእጄ አልወጣ ሲለኝ ወረቀቱን ቀደድኩት። ደግሞስ አንቱ እያልኩ ስለ ጊታር ፔዳል እንዴት ላወራህ እችላለሁ? ካቻቢቴ በጥርስህ ነክሰህ ከሽቦ ጋር ስትታገል ያየሁህን ሰው! ስለዚህ ለዚህች ደብዳቤ ያህል አስረስ ሁንልኝ። ጥፋት ከሆነ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ።

የሐሙሲቱ ሠርግ አለፈ። እንዴት እንዳለፈ ብትፈልግም ባትፈልግም እነግርሃለሁ። ግን ገዳሙ የመጣሁ ቀን ብዙ ነገር ሳልናገር ስለተመለስኩ ከሥሩ ልጀምርልህ። እንደ ድሮህ «አሳጥረው» አትበለኝ፤ ቆብ የደፋ ሰው ትዕግሥት ሊኖረው ይገባል።

ባንዱን ስንጀምር ትዝ ይልሃል? ሙላቴ ኦርጋን፣ ብርቱካን ድምፅ፣ እኔ ጊታር። በልጅነቴ በመርፌ የሰለለችውን ቀኝ እግሬን አንጠልጥዬ ረጅሟ ወንበር ላይ ደገፍ እላለሁ፤ ግራዋ ክብደቴን ይዛለች፣ ካነሳኋት ከነጊታሬ መሬት ነው። ጊታር ደግሞ እጅ ብቻ አይበቃውም። ድምፁን ከለስላሳ ወደ ሻካራ፣ ከደረቅ ወደሚያስተጋባ የምትቀይረው መሬት ላይ ያሉትን ፔዳሎች እየረገጥክ ነው። እኔ በምኔ ልርገጥ? ልተወው ስል አንተ ነህ «እግር እንቢ ካለ እጅ ምን ሊሠራ ነው የተፈጠረው?» ብለህ ከእናትህ ቤት ዱካ ይዘህ የመጣኸው። ፔዳሎቹን ጣውላ ላይ ደረደርክ፣ ዱካዋ ላይ ቁጢጥ አልክ፣ በእጅህ ትጫንልኝ ጀመር።

እድምተኛው መብራት ሠራተኛ ትመስለው ነበር። ወረታ ላይ አንዱ ሚዜ «አንተ፣ ያ አምፖል ጠፍቷል» ሲልህ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠብቀህ ቀይረህለት መመለስህ እስካሁን ያስቀኛል። እኔ ግን ምን እንደሆንክ አውቅ ነበር። አንድም ቀን ምልክት ሰጥቼህ አላውቅም፤ አንድም ቀን ተሳስተህ አታውቅም። የቆሎ ተማሪ ሳለህ አቋቋም ስትማር፣ ዝማሬው ከዝግታው ወደ ፈጣኑ ሊሻገር ሲል መሪጌታው ሳይናገሩ ከትከሻቸው ትለየው እንደነበር ነግረኸኛል። የእኔንም ትከሻ እንደዚያ ለመድከው። እውነቱን ልንገርህ፣ በእነዚያ ዓመታት ሰው «ጊታር የምትመታው አንተ ነህ?» ሲለኝ «እኛ ነን» ነበር የምለው።

ከዚያ ሄድክ። አልተጣላን፣ አልተቀያየምን። «ልቤ እዚያ ነው» አልክና ጣራ ገዳም ገባህ። ረድእ ሆነህ ስታገለግል «ብርዱ ይመልሰዋል» እያልን ስንሣሣቅ፣ ባለፈው ዓመት ቆብ ደፋህ። ለዓለም ሞተ ተብሎ በቁምህ ጸሎተ ፍትሐት እንደተደረገልህ የተሰማ ዕለት የሰፈሩ ሰው ግራ ገባው። ግማሹ እናትህን «እንኳን ደስ አለዎት» ሊል፣ ግማሹ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ሊል መጣ። እማማ ፈንታነሽ ሁለቱንም እኩል «አሜን» ብለው ሸኙ። እኔ ግን ከበር ተመለስኩ፤ የትኛውን እንደምል አላውቅማ!

ደግሞ ሞተ ቢሉኝስ ማን ያምናል? ዱካህን በየሠርጉ ይዤ መዞሬን አልተውኩም። ባዶዋን አጠገቤ አስቀምጣታለሁ። ሰው ሊቀመጥባት ሲል «ባለቤት አላት» እላለሁ። ፔዳሎቹን የሚጫን ግን የለም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ድምፅ እገዘግዛለሁ። ጾሙ ሊገባ ሲል ሙላቴ ጠራኝ።

«ይሻው፣ አትቀየመኝ» አለ። «ጊታርህ ሙሽራው ሲገባም፣ ሙሽሪት ስትሸኝም ያው ነው። ኦርጋኑ ውስጥ የጊታር ድምፅ አለ፤ እኔ ልጫወተው እችላለሁ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሐሙሲት ሠርግ ይዘናል። በእግር የሚቀያይሩበት መሣሪያ አለ አሉ። ወይ እሱን ገዝተህ ተለማመድ፣ ወይ...»

አልጨረሰውም፤ ሙላቴ ጨዋ ነው። እኔ ግን ጨዋ አይደለሁም። «እግሩንስ አብረው ይሸጡታል?» ብዬው ወጣሁ። ቤቴ ስገባ ሆድ ባሰኝ። ከጊታር በቀር ምን አለኝ፣ አስረስ? ከባንዱ ከወጣሁ ቁጭ ብሎ ሰው ማየት ነው።

ባሕር ዳር ወረድኩ። የሙዚቃ መሣሪያ የምትሸጥ ዮርዳኖስ የምትባል ልጅ አለች፤ ራሷም ጊታር ትመታለች፣ ትዕግሥቷ ለጉድ ነው። ሦስት ዓይነት አወጣችልኝ። አንዱ ሦስት ሰፋፊ ቁልፎች ብቻ ያሉት፣ ከመሬት እምብዛም የማይነሣ ነው፤ አንዱን ቁልፍ ስትነካው ካሉህ ፔዳሎች የፈለግከውን አብርቶ ሌላውን ያጠፋልሃል። ሁለተኛው ከፍ ያለ፣ ቁልፉ ደረቅ ብረት። ሦስተኛው ሚዲ የሚሉት ነው፤ በገመድ ለሌላ መሣሪያ ትእዛዝ የሚልክ፣ ትናንሽ ቁልፎች በሁለት ረድፍ የተደረደሩበት፣ የድምፁን ስም የሚያሳይ ትንሽ መስኮት ያለው። ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

«መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የነበረበትን ያስታውሳል?» አልኳት።

«ሁሉም ያስታውሳሉ፣ ጋሼ። ግን ለእርስዎ ይሄኛው ቁልፉ አልተጠጋጋም? እስቲ ረግጠው ይሞክሩት።»

«ምን ያስረግጠኛል? እያየሁት አይደል እንዴ!»

ባንኮኒው ላይ እንዳለ በጣቶቼ ነካካሁት። ቁልፎቹ ጣት ሥር ሲገቡ እንዴት ደስ ይላሉ! መስኮቷ ቦግ ስትል ብቻዬን ሳቅሁ። ልጅቱ አየት አድርጋኝ «ካልተስማማዎት እንዳይቧጨር አድርገው ይመልሱት፣ እለውጥልዎታለሁ» አለች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? አቅፌው ወጣሁ።

ወረታ ስደርስ ወደ ደብረ ታቦር መታጠፍ ነበረብኝ። ረዳቱ «አዲስ ዘመን! አዲስ ዘመን!» እያለ ወደ ገዳምህ መንገድ ላለችው ከተማ ሲጣራ ሰማሁና ገባሁ። ለምን እንደመጣሁ ያን ቀን አልነገርኩህም፤ አሁን ልንገርህ። ልመልስህ ነበር። የምለውን መንገድ ሙሉ ሳጠና መጣሁ። የሙላቴን ነገር፣ የእናትህን ብቸኝነት፣ ጌታም በቃና ሠርግ ቤት መገኘቱን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር።

ዳገቱ ገደለኝ። በክራንች ጫካውን ጨርሼ እንግዳ ማረፊያው ደጃፍ ላይ ዘፍ ስል፣ አንተ በገበቴ ውሃ ይዘህ መጣህ። ከስተሃል። ጢምህ ውስጥ ፊትህን ፈልጌ አገኘሁት። በርከክ ብለህ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርክ። ግራዬን ሰጠሁህ፤ ቀኟን ወደ ኋላ ሰበሰብኳት።

«ይህችን ተዋት» አልኩህ።

«እንግዳ በግማሽ አይታጠብም» አልክ። ከዚያ አጠገቤ ያለውን ጥቅል አየህና «እሱ ምንድን ነው?» አልከኝ።

እኔ ደግሞ እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ፈታሁት! እጅህን በቀሚስህ አድርቀህ ቁልፎቹ ላይ አሳረፍካቸው፤ አልተጫንካቸውም። ጣቶችህ ሁሉ በልካቸው ገጠሙ።

«በምንህ ሞከርከው?»

«በጣቴ።»

«ይሻው» አልክ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፤ «ይኸ የእጅ ነው። እግር አንዱን ሲረግጥ ሁለት ይነካል። ለማን ነው የመረጥከው?»

ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ተናደድኩ፣ አስረስ። አፈርኩ ማለት ይቀለኛል፣ ግን ተናደድኩ። «ለሞተ ሰው ነዋ!» ብዬ ጮህኩብህ፤ «ፍትሐት ለተደረገለት ሰው!» ማዶ የተቀመጡት አረጋዊ መነኩሴ እንኳ ቀና አሉ።

አንተ ቀኝ እግሬን ከተደበቀችበት ሳብክ፣ ውሃ ውስጥ አስገባሃት፣ መዳፍህን ከሥሯ አደረግክ።

«ፍትሐት የተደረገልኝ እኔ ነኝ» አልክ። «በዚህች እግር ላይ ማን ፍትሐት አደረገ? በል ተጫነኝ።»

«አትሠራም እያልኩህ!»

«ማንሣት አትችልም። መጫን አትችልም ያለህ ማን ነው? ተጫነኝ እንጂ፣ እጄ አይሰበር!»

ተጫንኩህ። እጅህ ውሃው ውስጥ ዝቅ አለ። ጥቂት ነው፣ ግን ዝቅ አለ። ስንት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ ስትጫንልኝ እኔም አንተም ያቺን እግር አንድ ቀን እንኳ ጠይቀናት አናውቅም። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል ያየኸኝ መስሎኝ ዞርኩ፤ አንተ ግን እያጠብክ ነበር።

ስታደርቅልኝ «ሠርግ ሦስት ነገር ነው» አልክ። «መቀበል፣ ማስጨፈር፣ መሸኘት። ከዚያ በላይ ነክቼልህ አላውቅም። ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ለስላሳ ፈልግ። አሁን ስለ ዘፈን ሌላ አታናግረኝ።» ደወል ተደወለ። ገበቴህን አንሥተህ ሄድክ፤ ዞር ብለህ አላየኸኝም። ያን ጊዜ ከፋኝ። አሁን ሳስበው ግን ለአንተም ቀላል አልነበረም።

መሣሪያውን ልለውጥ ባሕር ዳር ስመለስ ዮርዳኖስ «ብዬዎት ነበር እኮ!» ብላ ሳቀች። ያን ቀን ሱቁ ሙሉ ሰው እያየኝ ጫማዬን አውልቄ ሁሉንም በእግሬ ሞከርኩ። ሦስት ቁልፍ ያለውን ዝቅተኛውን ያዝኩ። ቤት ወስጄ ጾሙን ሙሉ ከቁልፍ ቁልፍ እየጎተትኳት ስለማመድ እግሬ ቁርጥማት ያዛት፤ አንዳንዴ ሳልነካው አልፋለሁ፣ አንዳንዴ ተጭኜ መልቀቅ ያቅተኛል። ብዙ ተሳድቤያለሁ፤ በጾም መሆኑ ደግሞ ባሰ።

የሐሙሲቱ ሠርግ ደረሰ። ሙሽራው ሲገባ የመጀመሪያዋን ተጫንኩ፤ መጣች። ጭፈራው ሲግል ሁለተኛዋን ተጫንኩ፣ ጊታሩ አገሣ፣ ልጆቹ እስክስታውን አቀለጡት። መሐል ላይ መብራት ድርግም አለ፤ ተመልሶ ሲመጣ መሣሪያው ከነበረበት ነቃ። ሙላቴ በኦርጋኑ አሻግሮ ጠቀሰኝ።

ከዚያ ሽኝቱ መጣ። ሙሽሪት ተነሣች፣ እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሦስተኛዋን መጫን ነበረብኝ። እግሬ ቁልፏ ላይ አርፋ ቀረች፣ አስረስ። ሳላስበው ወደ ዱካዋ ዞርኩ። ባዶ ናት። ብርቱካን ቃሉን አፏ ላይ ይዛ ጠበቀችኝ፤ ሙላቴ እጁን ከኦርጋኑ አነሣ። ዘግይቼ ተጫንኩ። ያ የምታውቀው የሚያስተጋባው ድምፅ ዳሱን ሞላው፣ ከሙሽሪት እናት ጀምሮ የማያለቅስ አልነበረም። እኔም አለቀስኩ፤ እነሱ የሸኟት ልጅ ነበረች፣ እኔ የሸኘሁት አንተን ነው።

ዕቃ ስንጭን ሙላቴ «ዘገየህ» አለኝ።

«ዘገየሁ።»

«ይሁን፤ መጣህ» አለና ጊታሬን ራሱ ተሸከመልኝ። የሚቀጥለውን ሠርግ ቀንም ነገረኝ።

በማግሥቱ ዱካዋን ይዤ እናትህ ዘንድ ሄድኩ። እማማ ፈንታነሽ ተቀብለውኝ ዙሪያዋን እየዳበሱ አዩአት። «በየሠርጉ እያዞርካት መሆኑን ሲነግሩኝ፣ ልጄም እዚያው አካባቢ ያለ ይመስለኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ደጃፉ ላይ አስቀመጡና ተቀመጡባት። «በል፣ አሁን መነኮሰ» አሉኝ። እኔም ያን ጊዜ ከበራቸው የተመለስኩበትን ቃል አወጣሁ፤ ሁለቱንም አልኳቸው። «አሜን» አሉኝ፣ ሁለቱንም።

ይህን ደብዳቤ ይዘውልህ የሚመጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ። ጥቅል አልይዝም፣ ንግግርም አላጠናም። ልታጠብ ብቻ ነው የምመጣው፤ ቀኟን አልደብቃትም።

ደህና ሁን፣ አስረስ። እጅህን አልረሳውም። ከዚህ በታች ያለው ለአስረስ አይደለም፤ መጀመሪያ ከእጄ አልወጣ ላለኝ ስም ባለቤት አድርስልኝ።

አባ ላእከ ማርያም፥ ይፍቱኝ። እግሬንም ይባርኩልኝ፤ ሥራ ጀምራለች።

ልጅዎ ይሻው
ደብረ ታቦር