የእማዬ ዝንቦች

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ የትከሻ ሕመምስ ተወሽ ወይስ እንደ ልማዱ ይመላለስብሻል? አባዬስ ሰላም ነው? መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቤቱን ሁሉ መፈለጉን ትቷል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ከስተሻል እንዳትዪኝ ልደብቅሽ አስቤ ነበር፣ ግን ትንሽ ከስቻለሁ።

ደቃቅ ጽሕፈት ስለሚያደክምሽ ይህን የምታነብልሽ ምራትሽ እንደሆነች አውቃለሁ። እንግዲህ እህቴ፣ ስላንቺም የጻፍኩት ስላለ ምንም ሳትዘልዪ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት። አባዬም ጠጋ ይበል፤ ወንድሜም ቤት ካለ ይቀመጥ። ስልክ ላይ ነገር ይቸኩላል፤ ይሄኛው ደግሞ መቸኮል የለበትም።

ባለፈው ስንደዋወል ወንድሜ ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጉዳችሁን ነገረኝ። እማዬ የሌለ ዝንብ ማባረር አብዝታለች አለ። ስፌት ላይ ተቀምጣ ድንገት እጇን ታወናጭፋለች፣ ነጩን ግድግዳ በዐይኗ ትከተላለች፣ ምን ታያለሽ ስትባልም እነዚያኑ ናቸው ትላለች አለኝ። ምራትሽ እማማ ጃጁ ብላ እንደፈራች፣ መርፌው ጣትሽን እንዳይወጋሽም የስፌት መኪናሽን ዕቃ ቤት አስገብታ እንደቆለፈችበት ነገረኝ። ክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለምትሳሳልሽ ነው። ከዚያ አንቺን ሲያገናኘኝ ግን ድምፅሽ የማውቀው ድምፅ አልነበረም። «ልጄ፣ እነሱ የሚሉት ሳይሆን አይቀርም፤ አእምሮዬ ጥሎኝ ሊሄድ ነው መሰለኝ» አልሽኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሰፈሩ ሁሉ ልብስ ሰፊዋ እያለ የሚጠራሽ ሴት፣ እጅሽን ጭንሽ ላይ አጣጥፈሽ ስትቀመጪ ታየሽኝ።

አሁን ስሚኝ እማዬ። ዝንቦችሽ እዚህ ድረስ መጥተዋል። እኔም አየኋቸው።

ሥራዬን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ መርማሪ ነኝ። ከሥሩ መብራት የሚበራበት ሰፊ መስታወት አለ፤ ነጩ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ዝግ ብሎ በላዩ ይወርዳል። የኔ ሥራ ማየት ብቻ ነው። ቋጠሮ ወይም የዘይት ጠብታ ወይም የተበጠሰ ክር ካየሁ መርገጫውን ረግጬ ማሽኑን አቆማለሁ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ፣ መልሼ እለቀዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ነጭ ነገር ሲወርድ ማየት ሰውን ቁጭ ባለበት ይዞት ይሄዳል። አንዳንዴ የማሽኑ ድምፅ ይርቀኛል፣ ጨርቁ የቆመ እኔ ወደ ላይ የምወጣ ይመስለኛል። ከጎኔ የምትሠራው፣ ዐይኗን ስለማታርገበግብ ጉጉት የምንላት ጓደኛዬ፣ በክርኗ ነካ ስታደርገኝ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ጨርቁ ላይ ቀጭን ግራጫ ክር አየሁ፤ ጫፉ የተጠቀለለ። ረገጥኩ፣ ቀይ ክሬን አሰርኩ፣ ጎንበስ ብዬ ብፈልገው የለም። ማሽኑን ስለቀው መጣ። እንደገና አቆምኩ፣ እንደገና አሰርኩ። ከዚያ ሌላ ተጨመረ፣ እንደ ቀለበት ያለ፣ ከኋላውም ነጠብጣቦች ያስከተለ። የገረመኝ ጨርቁ ወደ ታች ሲወርድ እነሱ ወደ ላይ መውጣታቸው ነው። እንከን ከጨርቁ ጋር ይሄዳል እንጂ ጨርቁን ጥሎ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ማሰሬን አልተውኩም። ጥቅሉ ሲያልቅ ጠርዙ ዙሪያውን በቀይ ዘርፍ ያጌጠ የሠርግ ቀሚስ መስሎ ነበር። ዳግም መርማሪዎቹ ዘርግተው ቢያዩት ንጹሕ። ይባስ ብሎ ያንን ሳሳድድ አንድ እውነተኛ ቀዳዳ አሳልፌያለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

የፈረቃው አለቃ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። እኔ አላየሁትም፤ አንዷ ዝንብ ከዐይኔ ጥግ ብቅ ስትል እጄ በራሱ ተነሳና አየሩን መታ።

«ምንድን ነው የምታባርሪው?» አለኝ።

አባዬ ሁልጊዜ አንቺን የሚጠይቅሽን ጠየቀኝ፣ ቃል ሳይጨምር ቃል ሳይቀንስ። ዞር ብዬ እጄን አየሁት። ያንቺ እጅ ነው እማዬ። አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ አራቱ ጣቶች የተገጠሙ፣ ከጆሮ ሥር ተነስቶ ወደ ውጭ የሚሄድ። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። አለቃው አልሳቀም። የዐይን ሐኪም ወረቀት ካላመጣሁ ወደ መስታወቱ እንዳልመለስ ነገረኝ። በቃ እህል ውሃዬ አለቀ ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ይንሳፈፉ ነበር፤ ሰማዩ ላይ፣ የሕንጻው ግድግዳ ላይ፣ በነጭ ሸሚዝ የሚያልፈው ሰውዬ ጀርባ ላይ።

ሐኪሟ ዐይኔ ውስጥ ጠብታ አድርጋ፣ ዓለም ሁሉ ጉም እስኪለብስ አስቀምጣ፣ በመብራት መረመረችኝ። የዐይን ውስጡ እንደ እንቁላል ነጭ ባለ ነገር የተሞላ ነው አለች። ያ ነገር በጊዜ ብዛት ይቀጥንና ውስጡ ጭረት ይንሳፈፋል፤ ብርሃን ሲገባ ጥላው ከዐይን ጀርባ ላይ ያርፋል። እኔም የማየው ያንን ጥላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ሰው ይለምደዋል። ያንቺን ታሪክ ከነእጅሽ አነሳስ ነገርኳትና አእምሮዋ ነው ይላሉ አልኳት። ወረቀቷን እየጻፈች ቀና ብላ፣ «እናትሽ ያለውን ነው ያዩት፤ ሰው የራሱን ዐይን ስላየ አበደ አይባልም» አለችኝ።

ይህንን መስመር እህቴ፣ ድገሚላት።

ወንድሜ፣ ይሄ ደግሞ ላንተ ነው። እንዲያም ሆኖ ዐይኗን ለሐኪም አሳይላት። ሐኪሟ አጥብቃ ያስጠነቀቀችኝ ነገር አለ፦ ድንገት በአንዴ ከበዙ፣ ወይም እንደ መብረቅ ብልጭ የሚል ነገር ካየች፣ ወይም በአንድ ወገን መጋረጃ የወረደ ከመሰላት፣ ለነገ ሳትል በዚያው ቀን ይዘሃት ሂድ።

እኔን አለቃው ወረቀቱን አይቶ ወደ ጥቁር ሰማያዊው ጨርቅ አዛወረኝ። እዚያ መብራቱ ከላይ ነው፤ ዝንቦቹ ጨለማ ላይ አይታዩም። ሥራዬም ዳነ። መስታወቱን ለምጄው ስለነበር ግን ነጩ ይናፍቀኛል። እሑድ እሑድ መስኮቱ ሥር ጋደም ብዬ ሰማዩን አያለሁ። ይመጣሉ። ልከተላቸው ስል ይሸሻሉ፤ ስተዋቸው ቀስ ብለው ይወርዳሉ፣ ውሃ ውስጥ እንደወደቀ ክር። ልጅ ሳለሁ ስፌትሽን አቁመሽ ግድግዳውን ስትከተዪ ምን ይሆን የምታዪው እያልኩ አጠገብሽ ቆሜ አብሬሽ አይ ነበር። ምንም አላይም ነበር። አሁን ከዚህ ሁሉ መንገድ ማዶ ሆኜ አብሬሽ የማይ ይመስለኛል።

ከደብዳቤው ጋር ያንን ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ልኬልሻለሁ፤ በእጄ የመረመርኩት ነው፣ አንድም እንከን የለበትም። ዝንብ አያርፍበትም። ቀሚስ ስፊልኝ እማዬ። ልኬን ታውቂዋለሽ፤ ወገቡን ብቻ ጠበብ አድርጊው፣ እጅጌው እንደምወደው ረዘም ይበል። ከሌላ ሰው እጅ የወጣ ቀሚስ አልለብስም።

አባዬን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ከእንግዲህ ምን ታባርሪያለሽ ሲልሽ የልጅሽን ዝንቦች በዪው። ወንድሜ፣ አንተንም ጤና ይስጥልኝ። ትንሿን የወንድሜን ልጅ አገላብጣችሁ ሳሙልኝ። ጎረቤታችንን፣ ያችን ጫማ ሰፊ፣ ሰላም በሉልኝ።

አንቺ ደግሞ የወንድሜ ሚስት፣ እህቴ፣ እስከዚህ ድረስ ስላነበብሽ ድምፅሽ ይባረክ። አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አምጪላት።

ልጅሽ፣
ከመስኮቱ ሥር፣ ከሠራተኞች መኖሪያ
የካቲት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ