የሐሙሱ ምሳ

ዳንግላ፣ 1957 ዓ.ም.

ጥቅምት 9፣ ሰኞ

የማለዳ ልምምድ። ሜዳው ጤዛ በጤዛ፣ ኳሷም ከብዳለች። አሥራ ስድስቱም ልጆች ተገኝተዋል። የአዲስ አበባው ክለብ ለታዳጊ ቡድኑ ከእኛ ሦስት ልጆች እወስዳለሁ ካለ ወዲህ የሚያረፍድ የለም። አሮጌው የእህል መጋዘን ውስጥ አብረው ያድራሉ፤ እዚያው ይበላሉ። የክለቡ መራጭ አቶ እንየው ሐሙስ ይደርሳሉ። ስድስት ዓመት አሠልጥኜ አንድም ልጅ ከዚህ ሜዳ አላለፈልኝም...

ከልምምድ በኋላ እንደ ልማዴ ከኮቴ ኪስ ቆሎ አወጣሁ። ተሰልፈው እጃቸውን ዘረጉ። ሸዕባን ሁለቴ ተሰለፈ።

"አንተ ቅድም ወስደሃል።"

"ያ የቀኝ እግሬ ነበር፣ ጋሼ። ይሄ የግራው ነው።"

ሳቅን። ያ ግራ እግር ለብቻው ቢበላም አይበዛበትም።

ጥቅምት 10፣ ማክሰኞ

የሸዕባን አባት፣ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሙሐመድሰዒድ፣ ከሱቃቸው በር ላይ ጠሩኝ። "ልጄን የሰጠሁዎት ለጨዋታ ነው። ምሳውን እናቱ ትልካለች። የሌላ እርድ እንዳይቀምስ፣ አደራ።"

"በእኔ ይሁንብዎ" አልኳቸው።

እናቱ ዘይነባ በጋሪ የምትልከው ምሳ እስካሁን ተጓድሎ አያውቅም። እኛ ክርስቲያኖቹስ የእነሱን እርድ መች እንበላለን? ነገሩ ለማንም አዲስ አይደለም። አቶ ሙሐመድሰዒድ ለምን ደግመው እንዳሳሰቡኝ አልገባኝም።

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ

አቶ እንየው መጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹን አዩ። ሸዕባን ሁለት አገባ።

ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። የጋሪው ጎማ መንገድ ላይ ፈንድቶ የዘይነባ ምሳ ሳይደርስ ቀረ። ልጁ በባዶ ሆዱ ሊጫወት ነው። ከሌሎቹ ጋር ሽሮ ብላ አልኩት፤ በላ። ለካ ምግብ አብሳያችን የሻረግ ሽሮው ውስጥ ቋንጣ ወቅጣ ጨምራበታለች።

ጨዋታው አልቆ ልጆቹ ሜዳው ላይ እንደተዘረሩ፣ የቡድኑ ቀልደኛ ውቤ ብድግ አለ። "ስሙኝማ! ሸዕባን ዛሬ ቋንጣ ጎርሷል! ክርስትና አባቱ እኔ ነኝ። ስምም አውጥቼለታለሁ፣ ገብረ ቋንጣ!"

ሁሉም ሳቁ። ሸዕባን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጎንበስ ብዬ ኳሷን አነሳሁ።

ባሕር ዛፎቹ ጀርባ ሄዶ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ አስመለሰ። ከዚያ ማሊያውን አጣጥፎ ሣሩ ላይ አስቀመጠና ሄደ።

ስሕተት ነው። ስሕተት በማን ላይ አይደርስም?

ጥቅምት 13፣ ዓርብ

አልመጣም።

ጥቅምት 14፣ ቅዳሜ

ወሬው ገበያ ደርሷል። "ክርስትና አስነሱት" ሆኗል። ዘይነባ ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም አሉ።

አቶ እንየው ወደ እንጅባራ አለፉ፤ እዚያ ያሉትን አይተው በሌላው እሑድ ይመለሳሉ። "ያ ግራ እግር ከሌለ ግን ምን ልይ ብዬ እመለሳለሁ?" አሉኝ።

የቡድኑ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ማን አበላው? "የወጥ ቤት ስሕተት ነው" አልኩ። የሻረግ ትሰናበት ተባለ።

ጥቅምት 15፣ እሑድ

የሻረግ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። አልጮኸችም።

"ጋሼ፣ ሐሙስ ጠዋት ስወቅጥ በሩ ላይ ቆመው 'የቋንጣው ሽታ ከደጅ ይጣራል' ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

ነኝ።

የሐሙሱን ገጽ መልሼ አነበብኩት። "ለካ" ብያለሁ። ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ ታዲያ ማንን ላታልል ነው? እውነቱ ይሄ ነው። ልጁ ሳህኑን እንደያዘ፣ "ጋሼ፣ የጾም ነው?" አለኝ። "የጾም ነው፣ ብላ" አልኩት። አውቅ ነበር። ዳቦ ማስገዛት ይቻል ነበር። ግን ስምንት ተኩል ሆኗል፣ አቶ እንየው ሰዓታቸውን ያያሉ... ለልጁ ብዬ ነው? አይደለም። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 16፣ ሰኞ

ጠዋት ኮሚቴውን አስጠርቼ ተናገርኩ። የሻረግ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የእኔን ጉዳይ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እናየዋለን አሉ።

ከዚያ ወደ ሱቁ ሄድኩ። አቶ ሙሐመድሰዒድ አቡጀዲ በክንዳቸው እየለኩ ነበር። ቀና አላሉም።

"ልጄ ጠይቆዎት ነበር?"

"ጠይቆኛል።"

"ምን አሉት?"

"የጾም ነው አልኩት።"

"ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

መለካታቸውን አቆሙ። ስንት ክንድ እንደደረሱ ጠፋባቸው መሰለኝ፣ እንደገና ከጫፉ ጀመሩ።

"ሳያውቅ የበላ ኃጢአት የለበትም። እናቱንም እንዲህ ብዬ እህል አስቀምሳታለሁ። የእርስዎን አላህ ያውቃል፤ እኔ ከሳሽ አይደለሁም። ልጁ ይጫወት። በእርስዎ ምክንያት ከሚወደው ነገር አላስቀረውም።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ

ውቤ ሳይነግረኝ ከእነሸዕባን ቤት ደርሶ መጣ። ምን እንዳለ አላውቅም፤ ሁለቱ አብረው ሜዳ ገቡ። በረኛችን ዓለምነው፣ ከአዘና የመጣው ልጅ፣ ምሳ ላይ ተነስቶ "እስክንሄድ ድረስ ሥጋ እዚህ ቤት አይግባ" አለ። አንድም የተቃወመ የለም። አሥራ ስድስት ልጅ ያሰበውን እኔ ሳላስበው...

ሸዕባን ያልኩትን ሁሉ ይሠራል። ሩጥ ስለው ይሮጣል። ቆሎ ሳወጣ ግን የጫማውን ክር ያስራል።

ጥቅምት 22፣ እሑድ

አቶ እንየው መረጡ። ሸዕባን፣ ዓለምነው፣ ውቤ።

ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ

አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳ። አቶ ሙሐመድሰዒድ ሰላምታ ሰጡኝ፤ ዘይነባ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ሦስቱ አንድ መስኮት ላይ ተደራርበዋል። የሻረግ የቆላችውን ቆሎ ይዤ ቀረብኩ። ዓለምነው ወሰደ። ውቤ በሁለት እጁ ተቀበለ። ወደ ሸዕባን ዘረጋሁ።

"የዛሬው ለግራ እግርህ ነው።"

"ጠግቤያለሁ፣ ጋሼ። አላህ ይስጥልኝ።"

በክፋት አልነበረም። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ።

አውቶቡሱ ተነቃነቀ። ውቤ መዳፉን ከፍቶ ያዘለት። ሸዕባን ከእሱ መዳፍ ዘግኖ ቃመ።

ያው የእኔው ቆሎ ነው።