ዋይፋዩን ዳንቴል አታልብሰው

ለዚህ ቤት ነዋሪ በሙሉ፣ ማለትም ቤት ለምትጋራኝ ላንተ፦ በኮምፒውተሩ ጥግ ለወር ያህል ነግሣ የኖረችው ቢጫ ምልክት ዛሬ ከዙፋኗ መውረዷን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። "ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም" እያለ ሲያላግጥብን የከረመው፣ አንተ አቧራ እንዳይነካው ብለህ የዋይፋዩን ሳጥን ዳንቴል ስላለበስከው ነው። ታፍኖ ይግላል፤ ሲግል መስመሩን ይጥላል። ዳንቴሉን ከልብስህ ጋር አስቀምጬልሃለሁ። ምልክቷ ከተመለሰች ሶኬቱን ንቀል፣ ሳጥኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ መልሰህ ሰካው። ሌላ ምንም አትነካካ፤ እጅህን አውቀዋለሁ።

መስመሩ እንደተስተካከለ በኮምፒውተሩ ላንተ የቪዲዮ ጥሪ ገባ።
አባትህ ናቸው። ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ።

"ነገ ጠዋት ልቤን ሊከፍቱት ነው" አሉ። ዓይናቸው እንደደከመ ታውቃለህ፤ ስክሪኑን አፍጥጠው አዩና "ልጄ፣ ተገኘህልኝ?" አሉኝ።
"አለሁ አባዬ" አልኳቸው።

እንግዲህ ስትደውል እንዳትደናገር፦ ይቅርታ ጠይቀሃቸዋል። ይቅር ብለውሃል። አልቅሰዋል፤ አንተም ትንሽ አልቅሰሃል። ነገን ማን ያውቃል ብለው መርቀውሃል።

በል አሁን፣ ጫማህን ሳታወልቅ ደውልላቸው። "ኔትወርክ እምቢ አለኝ" የምትላቸው ነገር ከእንግዲህ አያስኬድም።

እኔ ሥራ ገብቻለሁ። ስመለስ "አንተን ምን አገባህና ልጃቸው ሆንክ?" ብለህ እንዳትጀምረኝ።
አልመልስልህም።