በአሻ ደጃፍ

ለውድ እህቴ ለዓዲላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እትዬ ዓዲላ፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? የዓሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ሙሀመድኑር ወገቡን ተሻለው ወይስ አሁንም ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ይውላል? ልጆቹስ አደጉ? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ብጽፍልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ደብዳቤውን በፖስታ ቤት ያልላክሁበትን ምክንያት ስታነቢው ትረጂዋለሽ። የከባድ መኪና ሾፌሩ ሸምሱ በእጅሽ ያደርስልኛል፤ እግረ መንገዱን ስለ ደህንነታችንም ይነግርሻል።

በመጀመሪያ ስለ ሥራዬ ላጫውትሽ። ወንዶ ገነት ስማር በሕልሜ የማየው ዋልያና ኒያላ ነበር፤ መሥሪያ ቤቴ ግን ለእኔ የቆረሰልኝ የከሚሴን ጅቦች ነው። ቄራው ጓሮ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ ገበያ ከተበተነ በኋላ የሚመጡትን እየተከታተልሁ፣ ከሰው ጋር ሳይጣሉ የሚኖሩበትን መላ መፈለግ ነው ሥራዬ። የከተማው ሰው «የጅቦች ሊቀመንበር» ይለኛል። ረቢአም ሳመሽባት «ዛሬም ስብሰባ ነበራችሁ?» እያለች ትቀልድብኛለች። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ዘንድሮ ግን ሳቁ ጠፋ። ጅቦቹ በጠራራ ፀሐይ መምጣት ጀመሩ። ጁምዓ ሰዉ መስጊድ ሳለ ከመናኸሪያው ጀርባ የታሰረች ፍየል ወሰዱ። በሳምንቱ ደግሞ ጎመን ሻጯን ሴትዮ እግሯን ነከሷት። ከሁሉ የከፋው ዝምታቸው ነበር። እኛ የጅብ ጩኸት እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሲጮህ የት እንዳለ እናውቃለን። እነዚህ ግን ድምፅ ሳያሰሙ መጥተው ድምፅ ሳያሰሙ ይመለሳሉ። አለቃዬ ከየት እንደሚመጡ አጣርተህ አምጣ አለኝና ከመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ከእንድሪስ ጋር ዱካቸውን ይዘን ቦርከናን ተከትለን ወረድን።

ዱካው ወዴት የመራን ይመስልሻል? ወደ ሰፈራችን፣ አንቺና እኔ ወደተወለድንበት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ። በድርቁ ዓመት አሻንና ዑመርን፣ ያን ሁሉ ጎረቤት፣ ለሰፈራ በመኪና ጭነው ወደ ምዕራብ ወሰዷቸው። እስከ ዛሬ ወሬያቸው የለም። የቀረነውን ደግሞ ባለፈው ዓመት ከመንገዱ ዳር አዲስ መንደር መሥርቱ አሉን፤ እማም ከአክስታችን ልጅ ከአስያ ጋር እዚያው ገባች። የድሮው ሰፈር ሰው አልባ ሆኖ ቤቶቹ በራቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

ባዶ አልነበሩም። እንድሪስ ክንዴን ይዞ አቆመኝና በአገጩ አመለከተኝ። በየበሩ ጥላ ውስጥ አንዳንድ ጅብ ተኝቷል። ዋሻ አልፈለጉ፣ ጉድጓድ አልቆፈሩ፤ መደቡ ላይ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ሰው ይተኛበት በነበረው ቦታ ተጋድመዋል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እነዚህስ ቁርበቱን ተነጥፎ አገኙት። ስንቀርብ አልሸሹም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊታቸውን ወደኛ አዞሩና ዝም ብለው አዩን። በሥራዬ ብዙ ጅብ አይቻለሁ እህት ዓለም፤ እንዲህ የሚያይ ግን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ጭስ ሸተተኝ። ከኛ ቤት ነው የሚወጣው።

እማ ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብላለች፤ ቂጣ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ይዛለች። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው እንደቆየ ታውቂያለሽ፤ በር ላይ የሆነ ነገር እንዳለ ታያለች እንጂ ምን እንደሆነ አትለይም። ድምፄን ስትሰማ ደስ አላት። «ሙህዲን፣ ደግ መጣህ፤ ጎረቤቶቻችን እኮ ተመልሰዋል» አለችኝ። አሻ ከሰፈራ ጠፍታ መጥታለች፣ ዑመርም እነ እንትናም በየቤታቸው ገብተዋል፣ እንዳይያዙ ፈርተው ነው ድምፃቸውን ያጠፉት አለች። ለካስ አስያ ቃርሚያ ስትሄድ እየጠበቀች፣ መንገዱን በእግሯ ስለምታውቀው፣ ብዙ ቀን ትመላለስ ኖሯል። በየበሩ እያለፈች እንደ ድሮዋ እንዴት ዋላችሁ፣ ሰላም ነው እያለች በኦሮምኛ ሰላምታ ታዳርሳለች። «አካም ኦልቴ አሻ? ነጋአ?» ትላለች። የሚመልስላት የለም። «አገር ለቀው ሲመለሱ ሰላምታ መመለስ ነውር ሆነባቸው መሰለኝ» ብላ ሳቀችላቸው።

ሳቀች ነው የምልሽ። አዲሱ መንደር ከገባች ወዲህ እህል አልበላ ብሏት፣ ከሰው ጋር መጫወት ትታ፣ እንዳትሞትብን ነበር የምንሰጋው። አሁን ፊቷ ሞልቷል። አንቺንም እኔንም እሷና አሻ ተቀባብለው ነው ያጠቡን፤ አሻ ተመለሰች ብላ ስታምን እማም ተመለሰች። እንዴት ብዬ ልንገራት?

በአሻ ቤት የተኛችው ያረጀች እንስት ናት። በጅብ ዘንድ አለቃዋ እንስቷ ናት፤ ሌሎቹ እሷ ስትነሳ ይነሳሉ። እማ ለአሻ ብላ የቂጣዋን እኩሌታ ታስቀምጥላታለች፤ «ባዶ እጇን ነው የመጣችው፣ ያጨደችው የለ» ትላለች። መጀመሪያ አጥሩ ሥር ነበር የምታኖረው፣ ኋላ ግቢው መሐል፣ ኋላ ደግሞ እደጃፋችን። እማ «አሻ ይበልጥ እየቀረበችኝ ነው» ስትል፣ እኔ መሬቱ ላይ ያለውን ዱካ አያለሁ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጅብ አንድ ቀን እጁን ራሱን እንደሚፈልግ የማውቅ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ እንዳትስቂብኝ። እማ ስትጠራት ያቺ እንስት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ከጉሮሮዋ እንደ ማጉረምረም ያለ ድምፅ ታወጣለች። ጅብ እንዲህ እንደሚያደርግ ተምሬአለሁ። እማ ግን ጆሮዋን ሰጥታ ትሰማና «እሱስ ልክ ነሽ» ብላ ትመልስላታለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ምን አለችሽ ብዬ ልጠይቃት ምንም አልቀረኝም።

አዲሱ መንደር ውዬ ላስቀራት ሞከርሁ፤ አስያ ዞር ስትል ተነስታ ሄደች። ከሚሴ ላምጣት አልሁ፤ አሻን ጥዬ የት እሄዳለሁ አለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ዓስር ሰግዳ ስትጨርስ ደረስሁ። «ዛሬስ አሻ ገብታ አጠገቤ ተቀምጣ አሰገደችኝ» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዱካው ደፉን አልፎ፣ መስገጃዋን ዞሮ፣ እሷ ግንባሯን ከምትደፋበት ቦታ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አፈሩ ላይ የተቀመጠበት ቅርጽ ሳይፈርስ ይታያል።

የጅብ መግደያው መድኃኒት ከበላይ ከታዘዘ ሰንብቶ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ነበርሁ፣ እንስሳቱን ሳንፈጅ ሌላ መላ ላፈላልግ ብዬ የማዘገየው። በማግሥቱ ወሰድሁት። ረቢአን እማ ዘንድ ልኬ፣ ራሷን አጥባ ጸጉሯን እየሠራች እንድታቆያት አደረግሁ። እኔና እንድሪስ የአህያ ሥጋ ላይ አድርገን በየደጃፉ አስቀመጥን። የአሻን ደጃፍ እንድሪስ አልነካም አለኝ፤ እኔው አስቀመጥሁት። ሲነጋ ጎትተን ወደ ገደል ከተትናቸው። አሮጊቷ በሩ ላይ ተደፍታ ነበር፣ ፊቷን ወደኛ ቤት አዙራ። የዱር አራዊት ጠባቂ ተብዬ ደመወዝ የምበላ ሰው ነኝና አለቀስሁ፤ አልደብቅሽም።

እማን ይዣት የሄድሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ራሷ እንድታውቀው ብዬ። በየበሩ ቆማ ሰላምታዋን አቀረበች። አሻ በር ስትደርስ መቃኑን በእጇ ዳሰሰች፣ ደፉን ዳሰሰች፣ ወደ ውስጥ ጠራች። ደግማ ጠራች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ደግሞ ወሰዷቸው?» አለችኝ።

አዎ ወሰዷቸው አልኋት።

አላለቀሰችም። «በሌሊት ነው እንጂ አሻ ሳትሰናበተኝ አትሄድም ነበር» አለች። ሳይነካ ያደረውን ቂጣዋን ከደጃፋችን አንስታ፣ እሳታችንን በአመድ ቀብራ፣ የአሻን በር ራሷ ገጥማ፣ እንግዲህ ውሰደኝ አለችኝ። ይኸው እኔ ቤት ናት። አለቃዬ አመስግኖኛል፤ ከተማው ሰላም ነው፤ ጅብም በቀን አይታይም። እማ ግን ከበላች ሁለት ጉርሻ ነው፣ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ታያለች። ስለዚህ እትዬ፣ ልመናዬ አንድ ነው፤ መጥተሽ እያት፣ አትዘግዪ። እስከዚያ ስትጽፊ ደብዳቤሽ እየተነበበ ትሰማዋለችና የጅብ ነገር እንዳታነሺ። እሷ እውነት ብላ የያዘችው የእኔን ውሸት ነው፤ አንቺም ያዢልኝ።

ለሙሀመድኑር ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ልጆቹን በያሉበት ሳሚልኝ። ረቢአ በጣም ትናፍቅሻለች። አስያ እጅ ነስታለች። እንድሪስም ሰላም ይልሻል። እማ አጠገቤ ቁጭ ብላ ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ለአንቺ መሆኑን ነግሬያታለሁ። እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ ብላለች፦ «ምናልባት የወሰዷቸው በእናንተ በኩል እንደሆነ ለአሻ ሰላም በይልኝ። የኔ ቂጣ ደጃፍ ላይ ሲያድር ነው ያወቅሁት፤ ሳትበላ ነው የሄደችው፤ አንድ ነገር አቅምሻት።»

ወንድምሽ ሙህዲን

ከሚሴ፣ የካቲት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.